የማይታየው ደቦ
ከእበትና ከአገዳ እሳት የሚያወጡ ረቂቅ ፍጥረታት



በከሚሴና በዙሪያዋ ባሉት የደዋ ጨፋ፣ የአርጡማ ፉርሲ፣ የጅሌ ጥሙጋ፣ የባቲና የደዌ ሐረዋ ወረዳዎች የማሽላ አዝመራ ተሰብስቦ ካበቃ በኋላ ማሳው ላይ የሚቀረው አገዳ የሚጣል ነገር አይደለም። ከብት ይቀለብበታል፣ አጥር ይታጠርበታል፣ ሲቸግርም ምድጃ ውስጥ ይገባል። ከበረት የሚወጣው እበትም እንዲሁ ነው። ማሳ ላይ ቢበተን መሬቱን ያፋፋል። ይሁንና እንጨት እየራቀ በሄደ ቁጥር እበቱ ተጠፍጥፎ፣ በፀሐይ ደርቆ፣ ኩበት ሆኖ ይነዳል። በዚህም የተነሳ ብዙ ቤተሰብ ከሁለት አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል፦ እበቱ መሬቱን ይመግብ ወይስ ምድጃውን?

የተመረጠው ምድጃው እንደሆነ ደግሞ ጭሱ ይከተላል። የጭሱን ነገር ለእናቶቻችንና ለእህቶቻችን መንገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆንብናል። በረመዳን ሌሊት ለሱሑር ተነስታ እሳት የምታቀጣጥል እናት ዓይኗ ሲያለቅስ፣ በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን ሲያስል የሚያውቅ ያውቀዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህም ውስጥ ከ237 ሺህ የሚበልጡት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ከዚያው እበት ጭስ የሌለው እሳት አውጥቶ፣ እበቱን ደግሞ ማዳበሪያነቱ ሳይጠፋ ወደ ማሳው መመለስ ይቻላልን? አዎን፣ ይቻላል። ሥራውን የሚሠሩልን ግን እኛ ሳንሆን በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎችና ዘመዶቻቸው ናቸው። የሚሠሩትም በተናጠል ሳይሆን በደቦ ነው። ደቧቸው እንዴት እንደሆነ ያልተረዳ ሰው የባዮጋዝ ጉድጓድ ቢያስቆፍር እንኳ ብዙ አይዘልቅም። ስለዚህ ከጉድጓዱ በፊት ሠራተኞቹን እንተዋወቅ።

አገዳ ለምን ይጠነክራል?

የማሽላ አገዳ አሠራር ከጎጆ ቤት ግድግዳ ጋር ይመሳሰላል። ግድግዳው የቆመበት እንጨት አለ፣ እንጨቱን የሚያስረው ልጥ አለ፣ ከዚያም ሁሉን የሚሸፍነው ምርጊት አለ። በአገዳው ውስጥ እንጨቱን የሚተካው ሴሉሎስ የሚባለው ነው። ይህም እልፍ አእላፍ የስኳር ቅንጣቶች በሰንሰለት ተያይዘው የሠሩት ጠንካራ ክር ነው። ልጡ ሄሚሴሉሎስ ይባላል፤ ምርጊቱ ደግሞ ሊግኒን። እንግዲያውስ አገዳ በአብዛኛው ስኳር ነው ማለት ነው! ሆኖም ስኳሩ የተቆለፈበት ስኳር ነው። እኛ አገዳውን ብንበላው አይፈጭልንም፤ ምክንያቱም የሴሉሎስን ሰንሰለት የሚበጥስ ኢንዛይም ሰውነታችን አይሠራም።

ታዲያ ላሟ እንዴት ቻለችው? የሚያስገርመው ላሟም አለመቻሏ ነው። የላም ሰውነትም እንደ እኛው ይህ ኢንዛይም የለውም። ነገር ግን ትልቁ ጨጓራዋ ከ100 ሊትር በላይ የሚይዝ፣ ሙቀቱ 39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሆነ፣ አየር የማይገባው በርሜል ነው። በዚያ ውስጥ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ባክቴሪያዎች፣ ሻጋታ መሰል ፈንገሶችና ሌሎች ረቂቅ ፍጥረታት ይኖራሉ። ላሟ ታጭዳለች፣ ታመሰኳለች፤ አገዳውን የሚፈቱት ግን እነርሱ ናቸው። ላሟ የምትመገበው ከእነርሱ የተረፈውን ነው፤ በኋላም ራሳቸውን ትፈጫቸዋለች። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሮበርት ሃንጌት አየር ሲነካቸው የሚሞቱትን እነዚህን ፍጥረታት አየር በሌለበት ብልቃጥ የማሳደግ ዘዴ ፈልስፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ እነርሱ ያሳተሙት መጽሐፍ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

እንግዲህ ከበረት የምናወጣው እበት ተራ ቆሻሻ አይደለም። ግማሽ መንገድ የተፈታ አገዳ ከነሠራተኞቹ ነው። የባዮጋዝ ጉድጓድ ማለትም ላሟ የጀመረችውን ሥራ የሚጨርስ ሁለተኛ ጨጓራ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

አራት የሥራ ክፍሎች

በጉድጓዱ ውስጥ ሥራው በአራት ይከፈላል። የመጀመሪያዎቹ ፈቺዎች ናቸው። ኢንዛይማቸውን እየለቀቁ ረጅሙን የሴሉሎስ ሰንሰለት ወደ ስኳር ይበጥሱታል። ሁለተኞቹ ስኳሩን ተቀብለው ወደ ልዩ ልዩ አሲዶች፣ ወደ አልኮልና ወደ ጋዞች ይለውጡታል። ሦስተኞቹ እነዚያን አሲዶችና አልኮል ወስደው አሴቲክ አሲድ (የኮምጣጤ አሲድ ማለት ነው) እና ሃይድሮጅን ያደርጉታል። አራተኞቹ ከአሴቲክ አሲድ፣ ከሃይድሮጅንና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ሚቴን የሚባለውን ነዳጅ ጋዝ ይሠራሉ። ከጉድጓዱ የሚወጣው ባዮጋዝ ከ50 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው ሚቴን ነው፤ ቀሪው በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው።

ልብ በሉ! የአንዱ ትራፊ ለሌላው ቀለብ ነው። ማንም ማንንም አያዝዝም፤ ነገር ግን አንዱ ቢጎድል ሰንሰለቱ ይቆማል።

የእነዚህ ፍጥረታት ሥራ ደግሞ ጉድጓድ ሳይቆፈርም ይካሄዳል። ሣርና ቅጠል በውኃ ሥር በሚበሰብስበት ረግረግ ሁሉ አለ። የኦሮምኛው ጨፌ ትርጉሙ ረግረጋማ የሣር ሜዳ ማለት ነው። በቦርከና ወንዝ ዳር የተዘረጋውና በበጋ ወራት የኦሮሞው፣ የአፋሩ፣ የአርጎባውና የአማራው ከብት የሚሰማራበት የጨፋ ረግረግም የዚህ ዓይነት ቦታ ነው። እንደዚህ ባለ ሥፍራ ጭቃው ሲረገጥ ቡልቅ ቡልቅ እያለ የሚወጣው አረፋ ሚቴን አለበት። ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ እ.ኤ.አ. በ1776 በማጆሬ ሐይቅ ዳር ጭቃውን በእንጨት እያማሰለ አረፋውን በዕቃ ሰብስቦ እሳት ቢያስነካው ነደደ። ሚቴን በሳይንስ ዓለም የታወቀው ከዚያ ወዲህ ነው።

አንድ የመሰለው ሁለት ሆኖ ተገኘ

ደቦው ምን ያህል የጠበቀ እንደሆነ ያሳየ አንድ ታሪክ አለ። አልኮል እየበላ ሚቴን ይሠራል የተባለ አንድ ባክቴሪያ ስም ተሰጥቶት ለብዙ ዓመታት በቤተ ሙከራ ሲጠና ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1967 ግን በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ማርቪን ብራያንት፣ አይሊን ዎሊን፣ ማየር ዎሊንና ራልፍ ዎልፍ አንድ ነገር ደረሱበት። ያ “አንድ” ባክቴሪያ ለካስ ሁለት ኖሯል! አንደኛው አልኮሉን ወደ አሴቲክ አሲድ ለውጦ ሃይድሮጅን ያስወጣል። ሁለተኛው አልኮል የማይነካ ሲሆን ሃይድሮጅኑን እየወሰደ ሚቴን ይሠራል።

ሁለቱን ለዩአቸው። ሁለተኛው ያለ ሃይድሮጅን ቀለብ የለውም፤ ተራበ። የመጀመሪያውም አልኮሉ በፊቱ ሞልቶ እያለ ብዙም ማደግ አልቻለም። ምክንያቱ ምን ይሆን? ራሱ ያስወጣው ሃይድሮጅን ሲጠራቀም ሥራውን አገደበት። አንድ ላይ ሲመለሱ ግን ሁለቱም ተስፋፉ። የአንዱ ትራፊ ለሌላው ምግብ ነበር፤ ትራፊውን የሚያነሳለት ጎረቤት ከሌለ ደግሞ ለራሱ መታፈኛ ይሆንበታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው አባባላችን በዓይን በማይታየው ዓለምም ይሠራል ማለት ነው።

ከአሥር ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1977 በዚያው ዩኒቨርሲቲ ካርል ዎዝና ጆርጅ ፎክስ ሚቴን ሠሪዎቹ እንዲያውም ከባክቴሪያ የተለዩ፣ አርኬያ የሚባል የራሳቸው ወገን ያላቸው ፍጥረታት መሆናቸውን አሳወቁ። ለእኛ ለተጠቃሚዎቹ ቁም ነገሩ ይህ ነው፦ እነዚህ የመጨረሻዎቹ ሠራተኞች ከሁሉም ይበልጥ ስስ ናቸው። አሲድ ሠሪዎቹ በሰዓታት ሲራቡ፣ ሚቴን ሠሪዎቹ ለመራባት ብዙውን ጊዜ ቀናት ይወስድባቸዋል። ብርድ ይጎዳቸዋል፣ አየር ይገድላቸዋል፣ አሲድ ሲበዛ ሥራ ያቆማሉ።

ከአምቦ እስከ “ስንዱ”

ባዮጋዝ ለአገራችን አዲስ አይደለም። የመጀመሪያው የባዮጋዝ ማብላያ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1957 ገደማ በአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት ሲሆን ዓላማውም የእርሻ መሣሪያዎችን ለመበየድ የሚሆን ኃይል ማግኘት ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በልዩ ልዩ ድርጅቶች አማካይነት በመላ አገሪቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ማብላያዎች ተሠሩ። እ.ኤ.አ. በ2008 የብሔራዊው ፕሮግራም ሰነድ ሲዘጋጅ ግን 40 በመቶ ያህሉ ሥራ አቁመው ተገኙ። የተጠቀሱት ምክንያቶች የክትትል ጉድለት፣ የውኃ እጥረት፣ የከብት ቁጥር መቀነስና የባለቤቶች ፍላጎት መቀዝቀዝ ነበሩ። ባክቴሪያዎቹ ያጠፉት ጥፋት አልነበረም።

ብሔራዊው የባዮጋዝ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2009 የኔዘርላንዱ የልማት ድርጅት ኤስ ኤን ቪ እየረዳው በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በወቅቱ የደቡብ ብሔሮች ይባል በነበረው ክልል ሥራ ጀመረ። እስከ 2013 ድረስ 14 ሺህ ማብላያዎችን ለመሥራት ታቅዶ ከ8 ሺህ ጥቂት የበለጡ ተሠሩ። በኋላም ከ2017 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት እርዳታ ቀጠለ። የተመረጠው አሠራር ከኔፓል መጥቶ ለአገራችን እንዲስማማ የተስተካከለውና “ስንዱ” የሚል ስም የተሰጠው ነው። ይህም ከመሬት በታች በድንጋይና በሲሚንቶ የሚገነባ፣ ጣሪያው እንደ ጉልላት የከበበ ጉድጓድ ነው። በአንድ በኩል በውኃ የተበጠበጠ እበት ይገባበታል። በሌላው በኩል የተብላላው ዝቃጭ ይወጣል። ከጉልላቱ አናት ላይ ደግሞ ጋዙ በቧንቧ ወደ ማድቤት ይሄዳል።

ሒሳቡ በከሚሴ

ለመሆኑ ለአንድ የከሚሴ አካባቢ ቤተሰብ ይህ ያዋጣዋልን? ረጋ ብለን እናስላው።

አንድ ኪሎ ግራም ትኩስ የከብት እበት በአማካይ እስከ 40 ሊትር ጋዝ ይሰጣል። ቢያንስ አራት ከብቶች በረት የሚያድሩለት ቤተሰብ በቀን 25 ኪሎ ግራም ያህል እበት ቢሰበስብ እስከ 1,000 ሊትር ጋዝ ያገኛል። አንድ የባዮጋዝ ምድጃ በሰዓት ከ200 እስከ 400 ሊትር ይጠቀማል። ስለዚህ ወጥ ለመሥራት፣ ቡና ለማፍላት፣ ለሱሑርና ለኢፍጣር ምግብ ለማሞቅ የሚበቃ የሦስት ሰዓት ገደማ እሳት አለ ማለት ነው። ክብሪት ሲጫር ወዲያው ይቀጣጠላል፤ ጭስም ጥቀርሻም የለውም።

የአየሩ ጠባይም ያግዛል። ሚቴን ሠሪዎቹ የሚወዱት ሙቀት 35 ዲግሪ ገደማ ነው። ከሚሴ ከባሕር ጠለል በላይ 1,400 ሜትር አካባቢ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ስለሆነች፣ በብርዳማው ደጋ የሚያንቀላፉት ፍጥረታት እዚህ በተሻለ ይሠራሉ።

ችግሮቹንም አንደብቅም። አንደኛው ውኃ ነው። ለእበቱ ተመጣጣኝ ውኃ ስለሚያስፈልግ ለ25 ኪሎ እበት ከአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በላይ በየቀኑ ይፈለጋል። ውኃ በአህያ ከሩቅ ለሚያመጣ ቤት ይህ ቀላል አይደለም። የከብት ሽንት ከውኃው ከፊሉን ሊተካ ስለሚችል የበረቱን ወለል ወደ ማስገቢያው እንዲያዘነብል አድርጎ መሥራት ይረዳል። ሁለተኛው የከብቱ ውሎ ነው። በበጋ ከብቱ ወደ ጨፋ ረግረግ ወርዶ የሚሰነብት ከሆነ እበቱም እዚያው ይቀራል፤ ጉድጓዱም ይራባል። ሦስተኛው እንጀራ ነው። የቤታችንን ማገዶ ከግማሽ በላይ የሚበላው የእንጀራ ምጣድ ሲሆን ተራው የባዮጋዝ ምድጃ ነበልባል ለሰፊ ምጣድ አይዳረስም። ለምጣድ የሚሆን የባዮጋዝ ምድጃ ለመሥራት የተደረጉ ሙከራዎች አሉ። ሆኖም ባዮጋዝ ያስገባ ቤተሰብ እንጀራውን ቢያንስ በተሻሻለ የማገዶ ምድጃ ለመጋገር መዘጋጀት አለበት። “ከእንግዲህ እንጨት ቀረ” ብሎ ተስፋ የሚሰጥ ሰው ካለ ነገሩን አጋንኖታል።

አገዳውንስ በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ መክተት አይቻልም ወይ? ብቻውን አይሆንም። ሊግኒኑ አየር በሌለበት ቦታ ሊፈታ የሚችል አይደለም፤ አገዳውም ተንሳፍፎ እንደ ክዳን ይደርቅና ጋዙን ያግታል። በተጨማሪም አገዳ ካርቦን እንጂ ናይትሮጅን ብዙም የለውም። ፍጥረታቱ ግን ሁለቱም ያስፈልጋቸዋል። በደቃቁ ተከትፎ፣ ውኃ ውስጥ ሰንብቶ፣ በጥቂቱ ከእበት ጋር ቢደባለቅ ይሻላል። የተሻለው መንገድ ግን አገዳውን ለላሟ ሰጥቶ እበቱን ከእርሷ መቀበል ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። መሬቱ ወይስ ምድጃው? ከጉድጓዱ ጋዝ ሆኖ የሚወጣው በአብዛኛው ካርቦን ነው። ናይትሮጅኑ፣ ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ ከሞላ ጎደል በዝቃጩ ውስጥ ይቀራሉ። ኩበት ሲነድ ግን ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር በኖ ይጠፋል። ስለዚህ ዝቃጩን ወደ ማሽላው ማሳ ወይም ወደ ጓሮው አትክልት የመለሰ ቤተሰብ እሳቱንም አገኘ፣ ማዳበሪያውንም አላጣም። የነገሩ ሁሉ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው ብለን እናምናለን።

“ከእበት በወጣ ጋዝ የተሠራ ምግብስ?” የሚሉ ወገኖች አሉ። በተለይ መጸዳጃ ቤት ከጉድጓዱ ጋር ሲገናኝ ጥያቄው ይበረታል። ይህ የፊቅህ ጥያቄ ስለሆነ መልሱን ከዑለማዎች መጠየቅ ተገቢ ነው። እኛ መናገር የምንችለው ስለ ጋዙ ጠባይ ነው። ሚቴን በራሱ ሽታ የለውም፤ በደንብ ሲነድም ወደ ውኃ ተንና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል።

ጉድጓዱን የሚያሳምሙ ነገሮች

ጉድጓዱ ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነ እንደ ከብት ይታመማል። የሚከተሉትን ልብ ማለት ያሻል።

በመጀመሪያ፣ በመጠኑና በየቀኑ ይመገብ። ሳምንት ተረስቶ በአንድ ቀን ብዙ ቢጨመርበት አሲድ ሠሪዎቹ ይፈጥናሉ፣ ሚቴን ሠሪዎቹ ወደ ኋላ ይቀራሉ። ጉድጓዱ ይኮመጥጣል፤ የሚወጣውም ጋዝ አልነድ ይላል። እንዲህ ከሆነ ለጥቂት ቀናት ምግቡን ማቆም ነው።

ሁለተኛ፣ በረኪና፣ የልብስ ሳሙና እጣቢና ፀረ ተባይ መድኃኒት ወደ ጉድጓዱ አይግባ። አንቲባዮቲክ በመወጋት ላይ ያለ ከብት እበትም ለጊዜው ይለይ። መድኃኒቱ በሽታ አምጪውን ከሠራተኛው አይለይም።

ሦስተኛ፣ አሸዋና ድንጋይ ከእበቱ ይለቀም፤ ጉድጓዱን ቀስ በቀስ ይሞላዋልና።

አራተኛና ከሁሉ በላይ፣ ማንም ሰው ወደ ጉድጓዱ ውስጥ አይግባ፤ ልጆችም አይጠጉት። በውስጡ የሚተነፈስ አየር የለም፤ መርዛማ ጋዝም አለበት። አንዱን ለማዳን የገባ ሌላው አብሮ ይሞታል። በማድቤት ውስጥ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ከተሰማ ቧንቧው እያፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል ክብሪት ከመጫር በፊት መስኮትና በር ይከፈት። የሚያፈስ ጋዝ ለአየር ንብረትም ጠንቅ ነው፤ ሚቴን ሙቀትን በማገት ረገድ በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 እጥፍ በላይ ይከፋልና።

ለወጣቶች የቀረው ሥራ

በዓለም ላይ የሚገኙ ተመራማሪዎች ዛሬ ከሚቴን አልፈው ከአገዳ ፈሳሽ ነዳጅ ለማውጣት ደቦውን ራሳቸው ሊያደራጁት ይሞክራሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ፈንገስና አንድ ባክቴሪያ አጣመሩ። ትሪኮደርማ ሪሴይ የሚባለው ፈንገስ የበቆሎውን አገዳ ወደ ስኳር ይፈታል፤ ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ስኳሩን ወደ አይሶቡታኖል፣ ማለትም ቤንዚን ሊተካ ወደሚችል አልኮል፣ ይለውጣል። ያገኙት በአንድ ሊትር ከ2 ግራም ያነሰ ነበር። ትንሽ ነው። ነገር ግን ብቻውን ሊያደርገው የማይችለውን ሥራ ሁለት ፍጥረት በአንድ ማሰሮ ውስጥ ሠርቶታል። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2008 በአዲስ አበባ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር መደባለቅ ተጀምሮ ነበር። ያ ኢታኖል የተገኘው ግን ከስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት ከሞላሰስ ነው፤ ያልተቆለፈ ስኳር መሆኑ ነው። የተቆለፈው ስኳር፣ የማሽላው አገዳና የጤፉ ጭድ፣ ገና ቁልፉን የሚከፍትለት ይጠብቃል።

ከከሚሴ ብዙም በማይርቀው ኮምቦልቻ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው። ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ምሕንድስና የሚማሩ ወጣቶቻችን “ምን እንመራመር?” ሲሉ ጥያቄው ከደጃፋቸው ነው። በቆላው ሙቀት የሚበረቱ ፈቺዎች በላሞቻችን ጨጓራና በረግረጋችን ጭቃ ውስጥ አሉ። ለሰፊ ምጣድ የሚዳረስ የጋዝ ምድጃም ብልህ እጅ ይፈልጋል። በግንበኝነትና በቧንቧ ሥራ የሠለጠኑትም ቢሆኑ፣ የተሠራ ጉድጓድ ሲበላሽ ደርሶ የሚጠግን ሰው በመጥፋቱ ስንቱ እንደቆመ ከላይ አይተናል።

ወላጆች ሆይ! ጉድጓድ ከማስቆፈራችሁ በፊት አራት ነገሮችን ቁጠሩ፦ በረት የሚያድር ከብት፣ በየቀኑ የሚገኝ ውኃ፣ በየማለዳው እበቱን የሚበጠብጥ ሰው፣ ሲበላሽ የሚጠራ ባለሙያ። አራቱ ከተሟሉ በወረዳችሁ ያለውን የኢነርጂ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ካልተሟሉም ከጎረቤት ጋር ተመካከሩ፤ ለአንድ ቤት ያልበቃ እበትና ውኃ ለሁለት ቤት በኅብረት ሊበቃ ይችላልና።